የማይታየው በር፦ ሻጩ፣ አናጺውና ቀለም ቀቢው

ለእረፍት አገር ቤት ስገባ እናቴ የሳሎኑን ግድግዳ በእንጨት ፓኔል እያስለበሰች ነበር። የዕቃ ክፍሉ በር ከፓኔሉ ጋር ተመሳስሎ እንዲጠፋ ፈለገች። የበሩን ሥራ የተከታተልኩት እኔ ነኝ። ከውጭ መጥታችሁ ቤት የምታሠሩ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከማጠፊያ ሻጩ ልጀምር። የበሩን ክብደት አልጠየቀኝም፣ ውፍረቱንም አልጠየቀኝም። የቁምሳጥን ማጠፊያ አውጥቶ «ድብቁ ይኼ ነው» አለኝ። አይታይም፣ እውነት ነው። በሩ ጀርባ ላይ 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ ተበስቶለት ይቀበራል። ለመደርደሪያ በር ግሩም ነው። ሰው የሚገባበት በር ግን ሌላ ነገር ነው። ቁመቱ 2.10 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ብቻውን 22 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚያ ላይ የውስጥ ክፈፍና ከፓኔሉ ጋር እንዲመሳሰል ላዩ ላይ የሚመታ የጌጥ ዘንግ አለ። ይህን ሳያጣራ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጋ ተመልሼ አልሄድም። ሳልገዛ ወጣሁ።

አናጺው ሌላ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ስለሆነ ጋሼ ነው የምላቸው። ገና ሲገቡ «በሩ ወዴት ነው የሚከፈተው?» አሉኝ። ማጠፊያ የሚመረጠው ከዚህ ጥያቄ በኋላ መሆኑን ያኔ ነው የገባኝ።

በሩ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ከሳሎኑ ርቆ የሚከፈት ከሆነ ተራው ማጠፊያ ይበቃል። እንቡጡ፣ ማለትም የማጠፊያው ክብ መዞሪያ፣ በዕቃ ክፍሉ በኩል ስለሚቀር ከሳሎን አይታይም። ጌጡም ከግድግዳው ይርቃል እንጂ አይጋጭም። የእኛ ዕቃ ክፍል ግን ጠባብ ነው፤ በሩ ወደ ሳሎን መከፈት ነበረበት። ያኔ የሚያስፈልገው በበሩ ጠርዝና በመቃኑ ውስጥ ተቀብሮ፣ በሩ ሲዘጋ ጨርሶ የሚጠፋው ማጠፊያ ነው። ለከባድ በር የተሠሩት በብዛት 40 ሚሊ ገደማ የበር ውፍረት ይፈልጋሉ። ጥሩዎቹ በሩ ተሰቅሎ እያለ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይስተካከላሉ። ይህ ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዙሪያው 3 ሚሊ ክፍተት ብቻ ላለው በር አንዲት ሚሊ መዛነፍ ከሩቅ ታስታውቃለች።

ልቤን የነካው ሙከራቸው ነው። ፓኔሉ ከመቆረጡ በፊት ሁለት ቁራጭ እንጨት አመጡ። በመሮ ጠርበው ማጠፊያውን ቀበሩበት፣ ላዩ ላይ የጌጡን ዘንግ በምስማር መቱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ከፈቱት። ገና ትንሽ እንደተከፈተ ጌጡ ከጎኑ ያለውን እንጨት ጠርዝ ነከሰ። «አየህ ልጄ፣ በሩ ቢሰቀል ኖሮ ቀለሙን እየላጠ ነበር የሚከፈተው» አሉኝ። ጌጡን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ሸሸት አደረጉትና ችግሩ ተፈታ። ጌጡ የግድ ጠርዝ ድረስ መምጣት ካለበት ደግሞ፣ መዞሪያው ወደ ፊት ወጣ ያለና ለተለበጠ በር የተሠራ ማጠፊያ ነው የሚገዛው። ምን ያህል ውፍረት ያለው ልባስ እንደሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

በሩ መጻሕፍት የሚሸከም መደርደሪያ ቢሆን ኖሮ ወለልና ጉበን ላይ የሚሽከረከረውን ማጠፊያ ነበር የሚመርጡት። ክብደቱ ወለሉ ላይ ያርፋል። ግን በሩ ሲዞር የጠርዙ ክፍል ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ያ ጠርዝ ሰያፍ ተደርጎ መላግ አለበት።

መቃኑንም ከደረቅ እንጨት ነው የሠሩት። ኤምዲኤፍ በጠርዙ ብሎን ሲገባበት ይሰነጠቃል። መቃኑን በቱንቢ ሳያዩ አንድም ብሎን አላሰሩም። ቅሬታዬ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ጠዋት ብለው ከሰዓት የመጡበት ቀን አለ፣ ስልክም አልደወሉም። እንደኔ የመመለሻ ትኬት ለቆረጠ ሰው ይህ ያስጨንቃል።

ቀለም ቀቢው ግን አሳዘነኝ። ማስተካከያ ብሎኖቹን ሳይሸፍን ቀባቸው፣ ክፍተቱንም በቀለም ደፈነው። ጋሼ በምላጭ እየፋቁ አጸዱት። እናንተ በሩ ተሰቅሎና ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ማጠፊያዎቹን በወረቀት ፕላስተር አሽጉና ከዚያ ቀለም ይግባ።

እንጨት ከወቅቱ ጋር ያብጣል፣ ይኮማተራል። ስለዚህ ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት ለእናቴ የትኛው ብሎን በሩን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የትኛው ወደ ጎን እንደሚገፋ አሳዩዋት። መፍቻዋንም በዕቃ ክፍሉ በኩል ምስማር ላይ ሰቀሉላት።