አሳሲንስ ክሪድ፦ አንደኛው ወይስ ሁለተኛው?

ሁለቱንም የቪዲዮ ጌሞች ተጫውቼ ጨርሻለሁ፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የ2007ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በ1191 የመስቀል ጦርነት ዘመን ደማስቆና ኢየሩሳሌም ውስጥ ያዘዋውረናል፣ ከተሞቹ ዛሬም ልብ ይሰርቃሉ። ችግሩ ሥራው ይደጋገማል፦ ወሬ አዳምጥ፣ ኪስ አውልቅ፣ ሰው ደብድበህ አናዝዝ፣ ግደል፣ ከዚያ እንደገና ሀ ብለህ ጀምር። ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕሪ አልታይር ውሃ ውስጥ ከወደቀ አለቀለት!

የ2009ኙ ፍሎረንስና ቬኒስ ይወስደናል። የዚህኛው ዋና ገጸ ባሕሪ ኤዚዮ ይዋኛል፤ ቦዩ ውስጥ ጠልቆ ዘቦቹ ፈልገው እስኪሰለቻቸው ይደበቃል፣ በሁለት እጁ ሁለት ሰው በአንዴ ይጥላል፣ ሌቦች ቀጥሮ ጠባቂዎችን ከበር ያስነሳል። ከሁሉ በላይ አባቱና ወንድሞቹ ሲሰቀሉ አይተን ስለምንነሳ በቀሉ የእኛም ይሆናል። በአንድ ነገር ግን አንደኛው ይበልጣል፦ ግድያውን ራስህ አጥንተህ ታቅዳለህ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ እጅህን ይዞ ነው የሚመራህ፣ ይሄ ቅር ይለኛል።