ፒፒሲ ሲሚንቶ፦ ለልስንና ለግንብ ጥሩ፣ ለሶሌታ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል

ፒፒሲ 32.5 ማለት ክሊንከር (በምድጃ የተቃጠለ የኖራ ድንጋይና ሸክላ) እና ጂፕሰም፣ ፑሚስ ከተባለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር የተፈጨበት ሲሚንቶ ነው፤ ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃው ነው። ክሊንከሩ ውሃ ሲያገኝ ጥንካሬ የሚሰጠው ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬትና ለጥንካሬ እምብዛም የማይረዳ ኖራ ይወጣዋል። ፑሚሱ ያንን ኖራ እየበላ ተጨማሪ ማያያዣ ይሠራል። ሥራው ግን አዝጋሚ ነው፤ እርጥበት ካጣ ደግሞ ይቆማል። በሦስተኛው ቀን ውሃ ማጠጣት ያቆመ ሰው የፑሚሱን ጥቅም ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። ቢያንስ 10 ቀን፣ ቢቻል 14 ቀን፣ በጆንያ ሸፍኖ ማርጠብ ያስፈልጋል።

ለልስንና ለግንብ ከዚህ የተሻለ አያስፈልግም፤ ግድግዳ ላይ በደንብ ይይዛል። ለኮለንና ለሶሌታ፣ በተለይ ድጋፍ እንጨቱ ቶሎ እንዲነሳ ከተፈለገ፣ ፑሚስ ያልተቀላቀለበት ተራው ሲሚንቶ፣ ኦፒሲ 42.5፣ ይሻላል።

ኮንክሪት ሲቦካ ለ50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያ ይቀነሳል። «ትንሽ ይቅጠን» ተብሎ 10 ሊትር ሲጨመር ትርፉ ውሃ ተንኖ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ኮንክሪቱም ይደክማል።

ስትገዙ ከረጢቱን ጫን ጫን አድርጉ። በጣት ተጨፍልቆ ዱቄት የሚሆን ጓል ችግር የለውም። ጠጠር ሆኖ እምቢ ካለ ግን እርጥበት ገብቶት ሥራውን ጀምሯልና መልሱት።