ስካንሰንና ዳላርና፦ እጅ ሥራ የሚወድ ቤተሰብ ስዊድን ሄዶ ምን ያያል?

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። እጅ ሥራ የሚወድ ቤተሰብ ስቶክሆልም ከደረሰ ስካንሰን የሚባለው ሙዚየም ሳይገባ መመለስ የለበትም። ውድ ነው። ዳገት አለው። አንዳንዱ ቤት ደጃፉ ድረስ ሄዳችሁ ተዘግቶ ይጠብቃችኋል። ቢሆንም ካየነው ሁሉ ደግሜ ልሂድ የምለው እሱን ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ዳላርና በሚባለው ክፍለ አገር ያሉትን የእንጨት ፈረስ ወርክሾፖች።

የሄድነው በሰኔ ነው፤ ባለቤቴ፣ ልጆቻችን፣ እናቴና እኔ። እህቴ እዚያው ስቶክሆልም ስለምትኖር ለመኝታ አልከፈልንም። ይኼን የምጽፈው ወጪውን ስታሰሉ እንድታውቁት ነው፤ ሆቴል ይዞ ቤተሰብ ይዞ መክረም ሌላ ሒሳብ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከቦሌ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ስቶክሆልም ይበራል። ስለ ቪዛው ብዙ አልልም፤ የግብዣ ደብዳቤውንና የባንክ ወረቀቱን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ፣ በቃ።

እኔ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ከሽንኩርቱ በፊት አክርማና ስንደዶ ወደሚሸጥበት የምሄድ ሰው ነኝ። እናቴ ደግሞ እንዝርት ከእጇ አይለይም። ስለዚህ የገበያ አዳራሽና የመዝናኛ ፓርክ ወሬ የምትፈልጉ ከኔ አታገኙም።

ስካንሰን ዩርጎርደን በምትባል ደሴት ላይ፣ ኮረብታ ሙሉ የተዘረጋ ሙዚየም ነው። አርቱር ሃሴሊዩስ የሚባል ሰው በ1891 ከፈተው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ስዊድን ውስጥ ፋብሪካው እየበዛ፣ ገበሬው ወደ ከተማና ወደ አሜሪካ እየፈለሰ፣ ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረው ዕቃ እየቀረ ነበር። ሰውየው ይኼ ሁሉ ሳይጠፋ ብሎ የገበሬ ቤቱን፣ ጎተራውን፣ ዕቃውን ከየክፍለ አገሩ እያስነቀለ አምጥቶ እንደነበረ አስተከለው። ሥራው ከሱም በኋላ ቀጠለ። ሴግሎራ የሚባለው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ለምሳሌ የመጣው በ1916 ነው። ዛሬ ወደ 150 የሚሆኑ ቤቶች አሉ።

ቤቶቹ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አንዴ ዞር ዞር ብዬ እወጣ ነበር። ቤቶቹ ውስጥ ግን ሰው አለ። የቤቱን ዘመን ልብስ ለብሶ፣ ሥራ ይዞ። አንዱ ጋ ዳቦ ይጋገራል፣ አንዱ ጋ ሱፍ ይበጠራል፣ የከተማ ሰፈር በሚባለው በኩል ደግሞ ብርጭቆ የሚነፋበትና ሸክላ የሚሠራበት ቤት አለ። ልጆቼ ከብርጭቆው ምድጃ ፊት አልነቃነቅ አሉ። የጋለውን ብርጭቆ በረጅም ቧንቧ ጫፍ ይዘው፣ እያዞሩ፣ እየነፉ፣ እንደገና እሳት ውስጥ እየከተቱ ሲያበጁት ማየት ለትልቅ ሰውም ያስደንቃል።

እናቴን የያዘው ፈትሉ ነው። አንድ የገበሬ ቤት ውስጥ ሴትዮ በእግር በሚዞር መንኮራኩር ሱፍ ትፈትላለች። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ጣቷን ነው፤ ክሩን እንዴት እንደምታወጣው፣ ምን ያህል እንደምታከረው። ከዚያ «ፈጣን ነው፤ ግን የእንዝርትን ያህል አይቀጥንም» አለችኝ። ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ አልተቀየመችም፣ እንዲያውም ከተበጠረው ሱፍ ቦጭቃ ሰጠቻት። እናቴ የለመደችው ባዘቶ ነው። ሱፍ ሌላ ነገር ነው፤ ጭረቱ ይረዝማል፣ ቅባት አለው፣ እጅ ላይ ይይዛል። መጀመሪያ ተበጠሰባት፣ ትንሽ ቆይታ ግን ቀጭን አድርጋ አወጣችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ከዚያ ማንሳት አልተቻለም። ስለ ጥጡ፣ ስለ ደጋኑ፣ ስለ መዳመጫው እየጠየቀቻት፣ እኔ በመሃል እንግሊዝኛና አማርኛ ሳመላልስ ምራቄ ደረቀ። የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ለዚህ ብቻ ቢሆንም አይቆጨኝም።

ሽመናውም እንዲሁ ነው። የኛ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ነው የሚሠራው። የነሱ ከወለል በላይ የቆመ ትልቅ የእንጨት ዕቃ ነው፤ ሸማኔዋ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ከታች ያሉትን መርገጫዎች እያፈራረቀች ትረግጣለች። ድሩ፣ ማጉ፣ መወርወሪያው ያው ነው። ዕቃው ሰፊ ስለሆነ ሰፊ ጨርቅ ይወጣዋል፤ እንደኛ ነጠላ ሁለት ቁራጭ መሃል ላይ መግጠም የለም። ደግሞ እኛ ጋ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው፤ እነሱ ጋ በየገበሬው ቤት ሁለቱም በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበሩ። ባለቤቴ ይኼን ሲሰማ ብዙ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ጎንደርን ሳላነሳ አላልፍም። ፋሲል ግቢን በ1979 ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ እንኮራበታለን፣ መኩራትም አለብን። የምናስጎበኘው ግን ባዶውን ግንብ ነው። የንጉሡን ልብስ ማን ሸመነው፣ እቃ ቤቱን የሞላውን ሸክላ ማን ሠራው፣ በሩን ማን ጠረበው የሚለውን ጎብኚው አያይም። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ለዘመናት ምን ሲባሉ እንደኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። አንጥረኛው ቡዳ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ። በጃቸው እየበላንና እየለበስን እንሸሻቸው ነበር። ስካንሰን ውስጥ የደሃው ገበሬ ጎጆ እንደ ሀብታሙ ቤት ተከብሮ ቆሟል፣ ሥራውም አብሮት አለ። ፋሲል ግቢ አንዱ ጥግ ላይ ሸማኔ ድሩን ቢዘረጋ፣ አንዲት የወለቃ ሸክላ ሠሪ ጭቃዋን ብታቦካ፣ ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ከመውጣት ይልቅ ግማሽ ቀን ይቆይ ነበር፤ ባለሙያውም እዚያው ሽጦ ይገባ ነበር። ይኼ እንዲሆን በጣም እፈልጋለሁ።

ወደ ስካንሰን ልመለስ። ስሉሰን ከሚባለው ቦታ በጀልባ፣ ወይም ከመሃል ከተማ በ7 ቁጥር ትራም ትደርሳላችሁ። በጀልባው ሂዱ፣ ልጆች ይወዱታል። ትልቅ ሰው ከያዛችሁ ዳገቱን በእግር አታስወጡ፤ ሽቅብ የሚጎትት ትንሽ ባቡር አለ። የትኛው ቤት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት መግቢያው ላይ ጠይቁ። ሁሉም ቤት ሁልጊዜ አይከፈትም፣ በክረምታቸው ደግሞ ብዙው ዝግ ነው። ትልቁ ቅሬታዬ ይኼ ነው፤ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ በተዘጋ መስኮት አጮልቆ ማየት ደስ አይልም። ሠራተኞቹ ግን እንግሊዝኛ ይችላሉ፣ ትዕግሥታቸውም ጥሩ ነው። ልጆች እጅ ሥራው ሲሰለቻቸው ድብ፣ ተኩላና አጋዘን ያሉበት የእንስሳት ክፍል አለ። በዚያ በኩል ሸኝታችሁ እናንተ ወደ ሽመናው ተመለሱ።

የሰኔ አጋማሽ በዓላቸው ላይ ከደረሳችሁ ዕድለኛ ናችሁ። በቅጠልና በአበባ የተሸፈነ ረጅም ምሰሶ ያቆሙና ዙሪያውን ይጨፍራሉ። እኔ ጥምቀት ላይ ጃንተከል ቆሜ የሰው ቀሚስ ጥለት የምቆጥር ሰው ስለሆንኩ ያየሁት ልብሱን ነው። የየደብሩ ልብስ የተለየ ነው፤ ቀለሙ፣ ጥልፉ፣ መቀነቱ ሳይቀር። ዳላ ፍሎዳ ከሚባለው መንደር የመጣው በሱፍ ክር የተጠለፈ ጽጌረዳ ነው፣ ደማቅ፣ ወፍራም፣ ከጨርቁ ላይ የተነሳ። ጥልፍ ለምትሠሩ ከቅርብ ተመልከቱት።

ፋሳ የሚባለው የመርከብ ሙዚየም ከስካንሰን ብዙ አይርቅም። መርከቡ በ1628 ገና በመጀመሪያ ጉዞው ወደብ ሳይርቅ ሰጠመ፣ በ1961 ወጣ። ፋሲል ጎንደርን የመሠረተው በ1636 ነው፣ ስለዚህ መርከቡ ከከተማችን 8 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ልጆቼ ይኼን ሲሰሙ ጆሯቸው ቆመ። እኔ በእንጨት የተቀረጹትን አንበሶችና ሰዎች እያየሁ አንገቴ እስኪያመኝ ቆየሁ። ጎኑ ያለው ኖርዲክ ሙዚየም ደግሞ ያው የሃሴሊዩስ ሥራ ነው። ሕንጻው ግዙፍ ነው፣ ጨርቃ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ግን መስታወት ውስጥ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ዝለሉት።

ዳላርና ግን አትዝለሉ። ከስቶክሆልም ሙራ ወደምትባል ከተማ በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ሙሉ ጫካ፣ ሐይቅና ቀይ የእንጨት ቤት ነው። ቀዩ ቀለም ፋሉን ካለው የመዳብ ማዕድን ተረፈ ምርት የሚሠራ ነው። ማዕድኑ በ1992 ተዘጋ፣ ቀለሙ ግን አሁንም ይሠራል።

ከሙራ ወጣ ብሎ ኑስኔስ የሚባል መንደር አለ። ያ የስዊድን ምልክት የሆነው ቀይ የእንጨት ፈረስ የሚሠራው እዚህ ነው። ሁለት የታወቁ ወርክሾፖች አሉ፤ ግራናስ ኦልሶን ከ1922፣ ኒልስ ኦልሶን ከ1928 ጀምሮ ይሠራሉ። ፈረሱን ዓለም ያወቀው በ1939 በኒውዮርኩ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከታየ በኋላ ነው። ገብቶ ለማየት አይከፈልም፣ በሥራ ቀን ሂዱ እንጂ።

ሥራውን ልንገራችሁ። ጥድ እንጨት በፈረስ ቅርጽ ይቆረጣል፣ ከዚያ ጠራቢው በቢላዋ አንድ በአንድ ያስተካክለዋል። ቀለም ይነከራል፣ ይሞረዳል፣ እንደገና ይነከራል። በመጨረሻ ሠዓሊዋ ትቀመጥና አንድ ብሩሽ ላይ ሁለት ቀለም ባንዴ ታነሳለች፤ አንዴ ስትስበው ቅጠሉ ብርሃንና ጥላ ይዞ ይወጣል። ንድፍ የለም፣ እርሳስ የለም። እጇ አይንቀጠቀጥም። በዚህ ምክንያት አንዱ ፈረስ ካንዱ ጋር ልክ አይመጣም። ትልቋ ልጄ ያልተቀባ ፈረስ ገዝታ ማታ ማታ እህቴ ቤት ስትቀባ ነበር፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት ዓይን ሣለችበት፣ እኔ በጣም ወደድኩት።

የማታውን ነገር ካነሳሁ፣ በሰኔ ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አትጠልቅም፣ ሌሊት ዘጠኝ ተኩል ገደማ ደግሞ ትወጣለች። ልጆች አይተኙም። ጥቁር መጋረጃ ያለው ክፍል ፈልጉ።

እዚያው ክፍለ አገር ሱንድቦርን ውስጥ የሠዓሊው ካርል ላርሶን ቤት አለ፣ የሚጎበኘው ከአስጎብኚ ጋር ነው። ሰው የሚሄደው ለካርል ነው። እናንተ የሚስቱን የካሪንን ሽመናና ጥልፍ ተመልከቱ። መጋረጃው፣ አልጋ ልብሱ፣ የቤቱ መንፈስ በሙሉ የሷ ነው።

ስለ ግዢ። እጅ ሥራቸው ይወደዳል። ከበርች እንጨት የተጠረበች አንዲት ማንኪያ ዋጋዋን ወደ ብር ስቀይረው ጥሩ ጋቢ ይገዛል። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ በኋላ ግን ተገቢ ሆኖ አገኘሁት፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ዕቃ ላይ የሠራው ሰው ስም አለ፣ ያ ሰውም በሥራው ይኖራል። ሊሊ ሲከርማን የምትባል ሴት በ1899 የእጅ ሠሪዎችን ማኅበር ያቋቋመችው ጥራቱ እንዳይወርድና ሠሪው ገበያ እንዲያገኝ ብላ ነው። ትምህርት ቤታቸውም ያግዛል፤ ወንዱም ሴቱም ተማሪ መስፋትና እንጨት መሥራት ይማራል። የእህቴ ልጅ፣ ጎረምሳው፣ ራሱ የጠረባትን የቅቤ ቢላዋ ለእናቴ ሰጣት።

የት እንግዛ ካላችሁ፣ ከስካንሰን መግቢያው ሱቅና ከኑስኔስ ግዙ። አሮጌው ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ «በእጅ የተሠራ» ብሎ የሸጠልኝ ፈረስ ቤት ገብቼ ሳየው የታተመ ነው፤ የብሩሽ ምልክት የለውም። ሆዱን ገልብጣችሁ መለያውን እዩ፣ ቅጠሉን በጣት ዳስሱ። ጥሬ ብር አብዛኛው ቦታ አይቀበልም፣ ካርድ ያዙ። ዋጋው ውስጥ 25 በመቶ ታክስ አለ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምንኖር ስለሆንን ከፊሉን ኤርፖርት ላይ ማስመለስ ይቻላል፣ ስትገዙ ወረቀቱን ጠይቁ።

ምግቡ ውድ ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም። እናቴ የሰኔን ጾም ይዛ ነበርና ስጋቴ እሱ ነበር፤ አልተቸገረችም። ካፌው ሁሉ የጾም ምግብ አለው፣ ቪጋን በሉ ይገባቸዋል። ማኪያቶውንም በአጃ ወተት ይሠሩላችኋል።

ነጥብ ከተባለ ስካንሰን ከ5 አራት ተኩል፣ ግማሹን የቀነስኩት ለተዘጉት ቤቶች ነው። ኑስኔስ 5። ሙራ ስትደርሱ እንጨት የሚጠርብ ዘመድ ካላችሁ የሙራን ቢላዋ ግዙለት፤ ከ1891 ጀምሮ የሚሠራ ነው፣ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ዋጋው የሚቀመሰው እሱ ነው። ስትመለሱ ግን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት፣ በእጅ ከያዛችሁት ፍተሻው ላይ ይቀራል።