ሊፍት ድራይቭ ላይ 9 ወር የሠራሁበት ክላምፕ ሜትር

ይሄን ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጡ አቅፎ ከረንት የሚለካ፣ ቮልቴጅም የሚለካ መሣሪያ) ከያዝኩት 9 ወር ሆነኝ፣ ትሩ አርኤምኤስ ነው (ሞገዱ ንጹህ ባይሆንም ልኩን ያሰላል)፣ ሎው ፓስ ፊልተርም (ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲን የሚያጣራ) አለው። ሥራዬ የሊፍት ጥገና ስለሆነ የምጽፈው ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ላይ እንዴት እንደሆነልኝ ብቻ ነው።

የገዛሁት ለፊልተሩ ብዬ ነው። ድራይቩ ለሞተሩ የሚሰጠው ንጹህ ሳይን ዌቭ አይደለም፣ በሰከንድ ብዙ ሺ ጊዜ እየተቆራረጠ የሚወጣ ፐልስ ነው፣ ተራ ሜትር እሱ ላይ የማይታመን ቁጥር ነው የሚያወጣው። በድሮው ሜትሬ አውትፑቱን ለክቼ ድራይቩ ተቃጥሏል ያልኩበት ጊዜ አለ፣ ተፈቶ ሲፈተሽ ምንም አልሆነም ነበር፣ እስከዛ ግን ሊፍቱ ቆሞ አዛውንቶች ደረጃ ሲወጡ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ፊልተሩን አብርቼ ወደ ሞተሩ በሚሄዱት ሦስት መስመሮች (ዩ፣ ቪ፣ ደብሊው) መሀል ሦስቱንም እለካለሁ፣ ከተቀራረቡ ድራይቩን ትቼ ወደ ሞተሩና ወደ ብሬኩ እሄዳለሁ። የ400 ቮልት 50 ኸርዝ ሞተር በ25 ኸርዝ ሲሄድ 200 ቮልት አካባቢ ያሳየኛል፣ ፊልተሩን ሳጠፋው ቁጥሩ በጣም ይዘላል።

ማክስ የሚለው ቁልፍም (ከፍተኛውን ንባብ የሚይዘው) ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሊፍት ሲነሳ አልፎ አልፎ ኦቨር ከረንት (ከልክ ያለፈ ከረንት) እያለ ይቆማል፣ ሁሉም ድራይቩን ጠረጠረ፣ እኔ ክላምፑን አንዱ ፌዝ ላይ አድርጌ ደጋግሜ አስነሳሁት፣ ደህና ሲነሳ ከረንቱ ልክ ነው፣ ፎልት (የስህተት መልእክት) ሲሰጥ ግን ሞተሩ ታርጋ ላይ ከተጻፈው በጣም ያልፋል። ከዛ የብሬኩን ኮይል በዲሲ ስለካ ፎልት በሚሰጥ ጊዜ ቮልቴጁ በቂ አይደለም፣ የብሬኩን ኮንታክተር (ብሬኩ እንዲከፈት ኃይል የሚሰጠውን ማብሪያ) ስፈታው ኮንታክቱ ነዶ ጠቁሯል። ሞተሩ ለካ ካልተከፈተ ብሬክ ጋር ሲታገል ነበር።

ሌላ ቦታ ደግሞ ባዶውን ወደ ላይ ሲወጣ ብቻ ኦቨር ቮልቴጅ የሚል ሊፍት ነበር። ባዶ ሲወጣ የሚጎትተው ካውንተርዌቱ (የካቢኑ ማመጣጠኛ ክብደት) ነው፣ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ኃይሉ ወደ ዲሲ ባሱ (ድራይቩ ውስጥ ወዳለው የዲሲ መስመር) ይመለሳል፣ 565 ቮልት አካባቢ የነበረው ባስ ከ700 አልፎ ሲሄድ በሜትሩ አየሁት፣ ብሬኪንግ ሬዚስተሩ (ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያስወግደው) ተበጥሶ ነበር።

እባካችሁ ግን ፊልተሩ በርቶ ኃይል የለም ብላችሁ ምንም እንዳትነኩ፣ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ ስለሚቆርጥ ካለው ቮልቴጅ አሳንሶ ሊያሳያችሁ ይችላል። የድራይቩ ካፓሲተሮችም ኃይል ከጠፋ በኋላ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፣ እኔ ማኑዋሉ ያለውን ደቂቃ ጠብቄ ፊልተሩን አጥፍቼ የባሱን ፕላስና ማይነስ በዲሲ ሳልለካ እጄን አላስገባም።

ያልወደድኩት፣ በኢንስፔክሽን ስፒድ (ለጥገና በሚነዳበት ቀርፋፋ ፍጥነት) ጊርለስ (ማርሽ የሌለው) ሞተር ላይ ኸርዙ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩ አይረጋም፣ እዛ ላይ የድራይቩን ዲስፕሌይ ነው የማምነው። ሜትሩ በጠፋ ቁጥር ፊልተሩም አብሮ ይጠፋል፣ ረስቼው ሁለቴ ተሳስቻለሁ። ግራውንድ ፎልት (ከረንት ወደ መሬት ሲያፈስ) ሲመጣም ሜትሩ ብቻውን አይበቃም፣ ኢንሱሌሽን (የሽቦውን መከለያ) ለማየት የ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ያስፈልጋል፣ እሱንም የሞተሩን ኬብል ከድራይቩ ነቅላችሁ ብቻ፣ ካልነቀላችሁ የድራይቩን ትራንዚስተሮች ልታቃጥሉ ትችላላችሁ።

የቴስት ሊዱ ጫፍ በ6ኛው ወር ላልቶ ቀይሬዋለሁ። ክላምፑ ግን አሁንም ጥብቅ ብሎ ይገጥማል፣ ባትሪም የቀየርኩት አንዴ ነው።