ቤቱን ሜሪላንድ ልግዛ ቨርጂኒያ? በውርስ ግብር በኩል ሲታይ

ዲሲ አካባቢ ቤት የሚፈልግ ሰው ስለ ወለዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ዓመታዊው የቤት ግብር ሳይጠይቅ አይፈርምም። ቤቱ ነገ ለማን እንደሚያልፍ ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ልጅ ለሌለው ወይም የእህቱን ልጅ አምጥቶ ለሚያሳድግ ሰው ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ መግዛትና ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ መግዛት እጅግ ይለያያል።

የፌዴራል መንግሥቱ የውርስ ግብር አብዛኞቻችንን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2026 የሚሞት ሰው እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ያለ ፌዴራል ግብር ያወርሳል፤ ከዚያ በሚተርፈው ላይ ግብሩ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። አዲስ አበባ ያለው ቤትም ከሀብቱ ጋር ይደመራል። ይህ ግን ለአሜሪካ ዜጋና ኑሮውን አሜሪካ ላደረገ ሰው ነው። ዜግነት ሳይኖረው፣ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ እየኖረ አሜሪካ ቤት የሚገዛ ሰው ከግብር ነፃ የሚሆንለት 60 ሺህ ዶላር ብቻ ስለሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት የግብር ጠበቃ ያማክር።

ወደ ግዛቶቹ ስንመጣ፣ ቨርጂኒያ በሟች ሀብት ላይ የሚጣለውን ግብር ከሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንስታለች። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2025 ከ4.87 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በላይ ያስከፍል ነበር። ሜሪላንድ ከ5 ሚሊዮን በላይ ታስከፍላለች፤ የሁለቱም ግብር ቢበዛ 16 በመቶ ነው።

ሜሪላንድ ግን ሌላም አላት፤ ከወራሹ ድርሻ ላይ የሚቆረጥ 10 በመቶ። ሀብቱ ከ5 ሚሊዮን በታች መሆኑ ከዚህኛው ግብር አያድንም። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወላጅ፣ እህትና ወንድም አይከፍሉም። የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ የአክስት ልጅና ጓደኛ ይከፍላሉ። በሕግ ጉዲፈቻ ካልሆነ በስተቀር "እንደ ልጄ ነው ያሳደግኩት" ማለት ብቻውን አያድንም።

ዕዳ የሌለበት የ600 ሺህ ዶላር ቤት እንውሰድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ የእህት ልጅ ወደ 60 ሺህ ዶላር ይከፍላል። ያ ጥሬ ገንዘብ እጁ ላይ ከሌለ ወይ ይበደራል ወይ ቤቱን ይሸጣል። አሌክሳንድሪያ ቢሆን፣ ቤቱ በኑዛዜ ፍርድ ቤት በኩል ሲያልፍ የሚከፈለው 800 ዶላር ገደማ ነው። እዚህ ላይ የሚወስነው ቤቱ ያለበት ቦታ ስለሆነ፣ ቨርጂኒያ እየኖሩ የሜሪላንድ ቤት ማውረስ ከ10 በመቶው አያስመልጥም።

ወራሾችዎ ልጆችዎ ከሆኑ ይህ ልዩነት ምርጫዎን አይቀይረው፤ ለሥራዎና ለትምህርት ቤት የሚመቸውን ይግዙ። ወራሽዎ የእህት ወይም የወንድም ልጅ ከሆነ ግን እኔ ቨርጂኒያን እመርጣለሁ። የግድ ሜሪላንድ መሆን ካለበት፣ ልጁ በስሙ ተጠቃሚ የሆነበት የሕይወት ኢንሹራንስ ይግቡ። ለተሰየመ ተጠቃሚ የሚከፈል የኢንሹራንስ ገንዘብ 10 በመቶው አይነካውም፤ ልጁም ቤቱን ሳይሸጥ ግብሩን ከእሱ ላይ ይከፍላል።