ሂርማታ ገበያ አጠገብ ያሉት ልብስ ሰፊ

ጋሼ አምስት ኮከብ ይገባቸዋል። ባለቤቴ ጃፓናዊት ናት፤ ልጃችን ያደገችው ግን ጅማ ነው። ጃፓን አካለ መጠን የሚደረስበት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ20 ወደ 18 ቢወርድም፣ ብዙ ከተሞች አካለ መጠን የመድረሻውን በዓል ዛሬም በ20 ነው የሚያከብሩት። የእኛም ልጅ 20 ሞላት፤ እናቷ በራሷ በዓል ጊዜ የለበሰችውን ፉሪሶዴ፣ ባለረጅም እጅጌውን የልጃገረድ ኪሞኖ፣ አወረሰቻት። ክንዷ ላይ አጠረ። ጋሼ ገልብጠው ስፌቱን በጣታቸው ሲዳስሱ ውስጡ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ አገኙ። መኪናውን ትተው በእጅ ፈቱት፣ በእጅ ሰፉት። የድሮው እጥፋት ጥቂት ይታያል፤ ለእኔ ያምራል። ባለቤቴ ስታለብሳት ግራውን ከላይ ደረበች፤ ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሟች መሆኑን ልጄ ያወቀችው ያን ቀን ነው። ቀጠሮ ያራዝማሉ፣ ቀደም ብላችሁ ውሰዱላቸው።