«ኤቭሪዋን» ላይ ዲናይ ተደርጎ የተዘጋ ሃርድ ዲስክ ለከፈተችልን እህት ምስጋና

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ኮምፒውተር የምንጠግን ባልደረቦች ነን። ይህን የምንጽፈው ፖሊ አካባቢ የምትሠራውን የሙያ እህታችንን ለማመስገን ነው፤ በዚያውም ዲስኩ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» (መግባት ተከልክሏል) እያለ ያስቸገረው ሰው ወደ ማን ቢሄድ እንደሚሻል ለመጠቆም። ስሟና ስልኳ አደባባይ ላይ እንዲወጣ አልፈለገችም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን።

ዲስኩ የአንድ ፎቶ ቤት ነው፤ 2 ቴራባይት፣ የጥር ሰርግ በሙሉ ያለበት። ባለቤቱ ሠራተኛ ፋይል እንዳያጠፋበት ብሎ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሴኩሪቲ ገባና «ኤቭሪዋን» (ሁሉም ሰው) የሚለው ላይ ፉል ኮንትሮልን (ሙሉ ፈቃድን) ዲናይ አደረገ፣ ማለትም ከለከለ። ኤቭሪዋን ውስጥ እሱም አለበት። በአንድ ደረጃ ላይ አላው (ፍቀድ) እና ዲናይ ሲገናኙ ደግሞ የሚያሸንፈው ዲናይ ነው። (ዊንዶውስ ይህንኑ አስጠንቅቆ «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። ማን ያነበዋል!) ፋይሉ ብዙ ስለሆነ ሥራው አላልቅ ሲለው ካንስል ተጫነ፤ ስለዚህ ግማሹ ፋይል ተቆለፈ፣ ግማሹ እንደነበረ ቀረ። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት አንድ ቤት «ዲስኩ ተቃጥሏል፣ ፎርማት ተደርጎ ሪከቨሪ ይሠራለት» ብሎታል።

እሷ መጀመሪያ የከፈተችው ዲስክ ማኔጅመንትን ነው፤ ስታርት ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግ ይገኛል። የፈቃድ ችግር ያለበት ዲስክ ፕሮፐርቲስ ላይ ዜሮ ባይት ሊያሳይና ሊያስደነግጥ ይችላል፤ እዚህ ግን መጠኑ ሙሉ ሆኖ «ኤንቲኤፍኤስ» (የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት) እና «ሄልዚ» (ጤነኛ) ይላል። «ሮው» (አደረጃጀቱ የማይነበብ) የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ምንም ሳይነካ ይቀመጥ። «ቢትሎከር» (ዲስኩ በሙሉ ተመስጥሯል ማለት ነው) የሚል ከሆነም ፓስወርዱ ወይም ባለ 48 አኃዙ ቁልፍ ካልተገኘ በቀር ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይሠራም።

ቀጥላ ምንም ሳታስተካክል የጥርን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠች። እኛን ያስደነቀን ይኼ ነው። ኮማንድ ፕሮምትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላ ከፍታ ሮቦኮፒን (የዊንዶውስን የመገልበጫ ትእዛዝ) በ /ቢ አስነሳችው። /ቢ የመጠባበቂያ ቅጂ መንገድ ስለሆነ ለአድሚን የፈቃዱን ዝርዝር አልፎ ያነብለታል፤ የተገለበጠው ፋይልም የድሮውን ቁልፍ ይዞ አይሄድም። /አር:1 /ደብልዩ:1 (አንዴ ብቻ ድገም፣ አንድ ሰከንድ ጠብቅ) መጨመሩን አትርሱ። ካልተጨመረ ሮቦኮፒ አንድ እምቢ ያለ ፋይል ላይ በየ30 ሰከንዱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ እዚያው ያድራል ማለት ነው።

አሁን መክፈቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዲናዩን በቀጥታ ለማንሳት ስለሚሞክር ነው። ቅደም ተከተሉ ባለቤትነት፣ ከዚያ ፈቃድ ነው። የአንድ ፋይል ኦነር (ባለቤት) ምንም ቢከለከል ፈቃዱን የማንበብና የመቀየር መብቱ አይነካም፤ አድሚን ደግሞ ኦነርነትን መውሰድ ይችላል። በማውዝ ለሚሠራ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ፣ ከኦነር አጠገብ ቼንጅ፣ «አድሚኒስትሬተርስ» ብሎ ቼክ ኔምስ፣ ኦኬ። ከዚያ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው፤ ሳይዘጋ ፈቃዱ አይታይም፣ ሰውም «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል።

ይህ ዲስክ ግማሽ በግማሽ ስለተበላሸ በትእዛዝ ሠራችው። እኛ በፊደላችን እንጽፈዋለን፣ እናንተ በእንግሊዝኛው ጻፉት፤ ቴክኦውን ባለቤትነት መውሰጃው ትእዛዝ ነው፣ ዲ ደግሞ የዲስኩ ፊደል፦

ቴክኦውን /ኤፍ ዲ:\ /ኤ /አር /ዲ ዋይ

/ኤ ባለቤትነቱን ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአድሚኒስትሬተርስ ቡድን ይሰጣል። ኮምፒውተር ለኮምፒውተር የሚዞር ዲስክ ላይ ይህ ወሳኝ ነው፤ የአንድ ሰው አካውንት ሌላ ማሽን ላይ የማይታወቅ ቁጥር ሆኖ ይቀራል፣ የቡድኑ መለያ ግን በሁሉም ዊንዶውስ አንድ ነው። ቀጥሎ በፈቃድ ማስተካከያው ትእዛዝ፣ በአይካክልስ (አይ-ሲ-ኤ-ሲ-ኤል-ኤስ)፣ ዋናውን በር፣ ማለትም የዲስኩን ሥር፣ መክፈት ነው፦

አይካክልስ ዲ:\ /ሪሙቭ:ዲ ኤቭሪዋን
አይካክልስ ዲ:\ /ግራንት አድሚኒስትሬተርስ:(ኦአይ)(ሲአይ)ኤፍ

ሲስተምም (ዊንዶውስ ራሱ) እንደዚሁ ኤፍ (ሙሉ ፈቃድ) ይሰጠዋል፣ «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» (በአካውንት የገባ ሁሉ) ደግሞ ኤም (ማንበብና መቀየር)። (ኦአይ)(ሲአይ) ከተረሳ ፈቃዱ በሩ ላይ ይቀራል፣ ውስጥ አይገባም። በመጨረሻም፦

አይካክልስ ዲ:\* /ሪሴት /ቲ /ሲ /ኪው

ያቺን ኮከብ ልብ በሉ። ሪሴት ማለት «የራስህን ፈቃድ ጣል፣ ከወላጅህ ውረስ» ማለት ነው። ዲ:\ ራሱ ሥር ነው፣ ከማን ይወርሳል? ያለ ኮከብ የሠራ ሰው የከፈተውን በር መልሶ ያበላሻል። «ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን» (የዊንዶውስ የራሱ ፎልደር) ላይ ስህተት ቢያወጣ አትደንግጡ፣ /ሲ አልፎት ይሄዳል። መብራት መሃል ላይ ቢሄድም ትእዛዙን ከመጀመሪያው መድገም ነው፤ እሷ ግን ላፕቶፕ ላይ ሰክታ ነው የሠራችው፣ ልክ ናት።

ይህን ሲ ድራይቭ ላይ የሚሞክር ሰው እንዳይኖር። የዊንዶውስ ፋይሎች ባለቤት ትረስትድ ኢንስቶለር የሚባል የዊንዶውስ የራሱ አካውንት ነው፤ በጅምላ ከተነጠቀ ማሽኑ አፕዴት እስከ መከልከል ይደርሳል። ፈቃዱ ተስተካክሎም አልከፈት የሚል፣ የቁልፍ ምልክት ያለበት ፋይል ካለ ደግሞ በኢኤፍኤስ (በዊንዶውስ የፋይል መመስጠሪያ) የተመሰጠረ ስለሆነ የድሮው አካውንት ሰርተፍኬት ያስፈልጋል።

የሪከቨሪ ዋጋ አልጠየቀችም፤ የእጇን ብቻ ነው የወሰደችው። ለፎቶ ቤቱም ለሠራተኞቹ ስታንዳርድ አካውንት ከፍታ፣ ዲናይ ሳትነካ የ«ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ»ን ፈቃድ ከኤም ወደ ማንበብ ብቻ አወረደችው። እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ።

ወደ እሷ የምትሄዱ የዲስኩን የራሱን ገመድ ያዙ፤ የብዙ ውጫዊ ዲስክ ገመድ ያ ሰፊው ማይክሮ ቢ ነው። መገልበጫ የሚሆን ባዶ ዲስክም ይኑራችሁ፤ እሷ ሳትገለብጥ አትጀምርም።